እናቴ አልተስማማችም

ለተከበሩ የሕዝብ ውይይትና ተሳትፎ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከተደላደለው ወንበርዎ ሳይነሱ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ሠራተኞችዎ፣ አዳራሽዎ፣ በተለይም ማይክሮፎንዎ፣ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እኔ ደህንነት ግን ምን እንደምጽፍ ግራ ገብቶኛል፤ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ደህና አይደለሁም ብል ደግሞ «ተሳታፊዋ ደህና መሆናቸውን በስፋት አብራርተዋል» ተብሎ እንዳይመዘገብብኝ እሰጋለሁ።

በማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ነኝ። ሰው የጻፈውን ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ስለቅም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለእርስዎም የምጽፍልዎ ስለ አንድ ስሕተት ነው፤ በቃለ ጉባኤዎ አራተኛ ገጽ ላይ ስላለች አንዲት ዐረፍተ ነገር።

እናቴ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ ከመግቢያው በስተግራ ባለችው ጠባብ ማዋለጃ ክፍል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ሠርታለች። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ የሕፃን ሚዛንና በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ የመስኮት መጋረጃ ነበራት። ምጥ የያዛትን ሴት «ግፊ! ግፊ የኔ እናት!» ስትል ድምፅዋ እስከ መንገድ ይሰማ ስለነበር፣ የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «እማ ግፊ» ይላታል። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ የቆመ መኪና የሚገፉ ጎረምሶች በዚያ ስታልፍ ካዩዋት «እማ ግፊ፣ ይምጡና ያበረታቱን!» ይሏት ነበር። እሷም ሳቋ እስኪያቆማት ታበረታታቸው ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጥሪው አመሰግናለሁ። ማዋለጃ ክፍሉ ተዘግቶ አገልግሎቱ ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ይዛወር ወይስ አይዛወር በሚለው «አከራካሪ ጉዳይ» ላይ ያለ ፍርሃት እንድንከራከር ጠሩን፤ እኛም አምነን መጣን። በእርግጥም ጉዳዩ አከራካሪ ነበር። የጤና ጣቢያው ፋርማሲስት ተነሥቶ፣ ደም በሌለበት፣ ቀዶ ሐኪም በሌለበት ክፍል የሚሞቱ እናቶች እንዳሉ ተናገረ፤ ሰውየው ክፉም ሞኝም አልነበረም፤ እናቴም ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችው። ተራዋ ሲደርስ ግን እንዲህ አለች፦ «ልጄ ልክ ብሏል፤ የከበደባትን ወደዚያ እንላክ። ግን ድልድዩ ጠዋት ጠዋት በመኪና እንደሚታነቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ምጥ ደግሞ ወረፋ አያውቅም። መጀመሪያ አምቡላንስ አምጡና እዚህ በር ላይ አቁሙ። ያን ጊዜ ክፍሉን በገዛ እጄ እቆልፍላችኋለሁ። እስከዚያ ድረስ አልስማማም።» አዳራሹ አጨበጨበ። እርስዎም ፈገግ ብለው «ገንቢ አስተያየት ነው፣ እናታችን፤ ሰዓትዎ አልቋል» አሉ።

ሁለተኛ፣ ወረቀት በመቆጠብ ረገድ ያሳዩትን ጥበብ አደንቃለሁ። በር ላይ «ለመቆጣጠሪያ ያህል ነው» ተብለን ስማችንን የጻፍንበትና የፈረምንበት ወረቀት፣ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ «ክፍሉ ይዘጋ» ከሚለው ውሳኔ ጀርባ ተያይዞ፣ የድጋፍ ፊርማ ሆኖ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አየነው። በአራተኛው ገጽም «በሙያው የረጅም ዓመት ልምድ ያላቸው ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ ሐሳቡን በጥልቀት አብራርተው የደገፉ ሲሆን፣ ቤቱም በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» የሚል ተጽፎ ነበር። ዐረፍተ ነገሯን በሙያዬ መረመርኳት፤ አንዲት የፊደል ግድፈት አላገኘሁባትም። ከእውነት በቀር የጎደላት የለም።

በአዳራሹ የነበርነው ስልሳ አንሞላም ነበር፤ ሰሌዳውን ያነበበው ግን የሰፈሩ ሰው በሙሉ ነው። ያጨበጨቡት እንኳ ውለው አድረው የገዛ ጆሯቸውን ተጠራጠሩ፤ ማኅተም ያረፈበትን ማን ይጠራጠራል? «እማ ግፊ ሸጠችን» ተባለ። በእጇ የተወለዱ ልጆች እናቶች መንገድ ላይ ሲያዩዋት የሚያጠብቁት የጫማ ማሰሪያ አያጡም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዶው። እናቴ ስሕተቱ እንዲታረም ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሰባት ጊዜ ተመላልሳለች፤ እርስዎ ሰባቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስለ ሕዝብ ሲደክሙ መሆኑን አንጠራጠርም። ጸሐፊዎ በመጨረሻ «ማዘር፣ ቃለ ጉባኤው እኮ ጸድቋል፤ አንዴ የጸደቀ አይነካም» ብትላት፣ እናቴ «ውሸት ከመቼ ወዲህ ነው የሚጸድቀው?» ብላ ጠየቀቻት። ጸሐፊዋ ሳቋ አምልጧት ወዲያው የቢሮዎን በር አይታ አፏን በእጇ ያዘች፤ ስለዚህ ሳቅ እንዳይቀጧት በትሕትና እለምናለሁ።

አራተኛውን በቁጥር መጻፍ አቃተኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከእኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ልብስ ሰፊ አለች፤ በስብሰባው አልነበረችም። ሠላሳ ዓመት የእናቴ ጓደኛ ነበረች፤ ሦስቱንም ልጆቿን ያዋለደቻት እናቴ ናት። አንዷ ሌላዋን የምትፈልግ እንደሆነ ግድግዳውን በጡጫ ሁለቴ መምታት ይበቃ ነበር። አራተኛው ገጽ ከተለጠፈ ወዲህ ግን ያ ግድግዳ ዝም አለ። ማዋለጃው በተዘጋ በሁለተኛው ወር፣ የልብስ ሰፊዋን የመጨረሻ ልጅ ጠዋት ላይ ምጥ ያዛት። ታክሲ ጠርተው፣ በእናቴ በር በኩል አልፈው ሄዱ። እናቴ ቤት ነበረች፤ ሽንኩርት እየላጠች። የታክሲውን ጡሩምባ ሰምታ «ይሄ ሰው ምን አስቸኮለው?» አለችኝ።

ድልድዩ እንደ ልማዱ ታንቆ ነበር። ሕፃኑ በታክሲው የኋላ ወንበር ላይ፣ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ተወለደ። ሾፌሩ ጡሩምባ ከመንፋት፣ አያቱም ከመጮህ ሌላ የሚያውቁት አልነበረም። እናቴ ግን ያን ጥምጥም በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቴ እንደፈታችው ቆጥራው አታውቅም። ወላዷ ተረፈች። ሕፃኑ ግን ስም ሳይወጣለት ተቀበረ።

ልብስ ሰፊዋ በሦስተኛው ቀን መጥታ በራችን ላይ ቆመች፤ ግቢ ብንላት አልገባችም። «አንቺን ልለምን ነበር እንዴ? ፈርመሽ የለ?» አለቻት። እናቴ እጆቿን በቀሚሷ ትጠርግ ነበር፤ እጇ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ተናድጄ «ለምን እውነቱን አልነገርሻትም?» ብላት፣ «ሕፃን የቀበረች ሴት ፊት ቆሜ ስለ ወረቀት ልከራከር?» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ አልሄደችም። ወደ የትም አልሄደችም። ማዋለጃው በተዘጋ በስድስተኛው ወር አረፈች፤ ሐኪሙ ልብ ነው አለ፤ እኔም አልተከራከርኩትም። በእጇ የተወለደው ሁሉ ቢሰለፍ መንገዱ አይበቃውም ነበር፤ የሸኘናት ግን ሃያ አንሞላም ነበር።

ከቀብሯ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ የአዳራሽዎ የድምፅ ባለሙያ ስልኩን ይዞ ቤታችን መጣ። የስብሰባው የድምፅ ቅጂ ተበላሽቷል ቢባልም እሱ አስቀምጦት ኖሯል። «ልጆች አሉኝ፤ ፈርቼ ነው የዘገየሁት» አለና እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፋ። እንዲቀጡት ማንነቱን ይጠይቁኝ ይሆናል፤ እኔ ግን እንደ ቃለ ጉባኤዎ ስም መመዝገብ አላውቅበትም። በነጋታው ቅጂውን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገባሁ። እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አንሥታ አዳመጠችው። የእናቴ ድምፅ «እስከዚያ ድረስ አልስማማም» ሲል፣ ከመጀመሪያው እንድደግምላት በእጇ አመለከተችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ «ግድግዳውን ብመታው ትመጣ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የነበረብዎ እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ እኔ መለስኩላት። «ሽንኩርቱን ጥላ፣ በባዶ እግሯ ትመጣ ነበር» አልኳት። ምናልባት መዋሸት ነበረብኝ፤ አልቻልኩበትም። ሴትየዋ የምትሰፋውን ጨርቅ ፊቷ ላይ አድርጋ ያለቀሰችውን ልቅሶ በየትኛው ገጽ እንደሚመዘግቡት አላውቅም።

እንግዲህ የምለምንዎ ታላቅ ነገር አይደለም። ማዋለጃውን ይክፈቱልን አልልም፤ በእሱ ላይ አሁንም ልንከራከር እንችላለን፤ ፋርማሲስቱ ሊረታኝም ይችላል። የምለምንዎ «የደገፉ» የሚለውን ሰርዘው «የተቃወሙ» እንዲሉልኝ ብቻ ነው። የሰው ሐሳብ መሸነፍ ያለ ነው፤ እናቴም መሸነፍ አይከብዳትም ነበር። በተሸነፈችበት ላይ አሸናፊ ተብላ መጠላቱ ግን ገደላት።

ለሕዝብ ድምፅ ያለዎት ፍቅር ድምፁን ከሕዝቡ ወስዶ በመሳቢያ እስከ መቆለፍ የደረሰ መሆኑን በአድናቆት እየመሰከርኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ለሚወልዱ ሴቶች ልጆችዎ፣ ባዶ መንገድና ሰፊ ድልድይ እየተመኘሁ፣

ከማይሰለች አክብሮት ጋር፣
የአዋላጅዋ ልጅ፣ የጽሑፍ አራሚዋ

ማሳሰቢያ፦ ለቀጣዩ «ነፃና ግልጽ ውይይት» በእናቴ ስም የላኩት የግብዣ ወረቀት ትናንት ደርሶናል። መገኘት ባትችልም ቅር እንዳይልዎት፤ እርስዎ ሲመኙት የነበረው ዓይነት ተሳታፊ የሆነችው ገና አሁን ነው።