ስምንት ጣት ይዞ ስለቀረበ የሥራ ደኅንነት አመልካች

ጎንደር፣ አራዳ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ቅጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከሁለት የግራ እጅ ጣቶቼ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ለእርስዎና ለመላው የኮሚቴው አባላት አሥሩም ጣቶቻችሁ በየቦታቸው እንዲሰነብቱላችሁ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት ክብርዎን ለመድፈር አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ከገቡ በኋላ የት እንደ ወደቁ የሚያውቅ ሰው ስለ ጠፋ፣ አራተኛው ቢያንስ አላፊ አግዳሚው እያየው ይጥፋ ብዬ ነው።

እኔ በአራዳ በአያ ክንዱ ወፍጮ ቤት ስድስት ዓመት ወፍጮ ያንቀሳቀስሁ ደሴ አለነ ነኝ። ፋብሪካውንና ወፍጮ ቤቱን እየዞረ ለሠራተኛ የሚያሰጋውን ነገር የሚያስጠግን ተቆጣጣሪ ይቀጠራል የሚለውን ማስታወቂያ አንብቤ አመለከትሁ። ምስጋናዬና ቅሬታዬ ስለተደባለቁብኝ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከአሥራ አንድ ተፈታኞች አንደኛ መውጣቴን በሰሌዳ ላይ ስለለጠፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሥራው የተሰጠው ሰባተኛ ለወጣው ሰው መሆኑን ደግሞ በዚያው ሰሌዳ፣ ከስሜ አጠገብ ስለለጠፋችሁልኝ ፍለጋ አላደከማችሁኝም። ሰውየው ዱቄት ካፖርታቸውን እንዳያበላሽባቸው ብለው እስከ ዛሬ ወፍጮ ቤት ገብተው እንደማያውቁ ሰምቻለሁ፤ በእውነቱ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ከየት ይገኛል?

፪ኛ. አመልካች «ሙሉ አካል ያለው» መሆን አለበት በማለታችሁ አልከራከርም። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጊያ ያለ ከለላ ሲሽከረከር ምን እንደሚያደርግ በፈተናው ወረቀት ላይ በዝርዝር የጻፍሁት ግን ከመጽሐፍ አንብቤ አልነበረም።

፫ኛ. ቺንጊያው ጣቶቼን በወሰደ በሳምንቱ ሽማግሌዎች እኔንና አያ ክንዱን ሊያስታርቁ ተቀመጡ። አያ ክንዱ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ውዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ጥፋቱን አንተ ውሰድላቸው፤ ትልቅ ሰው አንገት ማስደፋት ነውር ነው» አሉኝ። እኔም ይሉኝታ ያዘኝና «አደጋው የደረሰው በእኔ ቸልተኝነት ነው» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ ፈረምሁ። አያ ክንዱ አቅፈው ሳሙኝ፤ እንደ ካሳም እኅቴን እናኑን በወፍጮ ቤቱ ቀጠሩልኝ፤ በግ ታረደ፣ በልተን ተመራርቀን ተለያየን። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጥፋቱ የእኔ እንዳልነበረ ያውቃል። ያን ወረቀት እውነት ነው ብሎ የተቀበለ በጎንደር ከተማ የእርስዎ ኮሚቴ ብቻ ነው፤ ከአሠሪዬ የሥራ ማስረጃ ጋር ተያይዞ ሲደርሰው «አመልካቹ ቸልተኛ መሆኑን በእጁ አምኗል» ብሎ ስሜን ሰረዘው። ዕርቅ የሚያፈርስ ሰው በሠፈር ምን እንደሚባል እርስዎም አገርዎ ነውና ያውቁታል። እኔ ግን ዛሬ በዚህ ደብዳቤ አፈረስሁት፤ ሽማግሌዎቹም እግዚአብሔርም ይቅር ይበሉኝ።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልሁም። እናኑ ጠዋት ማታ ከዚያው ቺንጊያ ሥር ጎንበስ ብላ የፈሰሰ ዱቄት ትጠርጋለች። ተይው ብላት «ሸጋ፣ ልተወው፤ ከዚያስ ምን እንበላለን?» አለችኝ። አያ ክንዱ ክፉ ሰው አይደሉም። ቺንጊያውን በሽቦ ይከልሉት ዘንድ እግራቸው ላይ ወድቄ ብለምናቸው፣ «መንግሥት ቢያዘኝ ዛሬውኑ አሠራው ነበር፤ ባንተ ቃል ብከልለው ግን ያን ጊዜም ጥፋቱ የኔ ነበር ማለቴ አይደል?» አሉኝ። ሽቦውን ራሴ ላምጣ፣ ራሴ ልሥራው ብላቸውም ያው ነው አሉኝ። እንግዲህ ያ ቺንጊያ የሚከለለው የተቆጣጣሪ ማኅተም ያለበት ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ነው። ሥራውን የፈለግሁት ለዚያች አንዲት ወረቀት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ጨንቆኛል። ወፍጮው ድምፁ በተለወጠ ቁጥር ከቤቴ ወጥቼ እሮጣለሁ፤ የአራዳ ሰውም አብዷል እያለኝ ነው። ስለዚህ ሥራውን ትቼዋለሁ፤ ለሰባተኛውም ለአሥራ አንደኛውም ይሁን። የምለምነው የተሾሙት ሰው አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ካፖርታቸውን አውልቀው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ድረስ እንዲመጡልኝ ነው። ካፖርቱን እኔ እይዝላቸዋለሁ፤ ለዚያ ስምንት ጣት ይበቃል።

ለኮሚቴው ሙሉ አካልና ለማይነቃነቀው ወንበሩ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሳሁ፣ ጥፋተኝነቱን በጽሑፍ ያረጋገጠ፣ ምሕረትዎን የሚጠባበቅ አገልጋይዎ፣

ደሴ አለነ

ማሳሰቢያ፦ እናኑ ጠጉሯ በቺንጊያው እንዳይያዝ ብላ ትናንት ራሷን ሙልጭ አድርጋ ተላጨች። ጎረቤቶቻችን ሐዘን የደረሰብን መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ ማን እንደ ሞተብንም ጠየቁን። እኔም እስካሁን ማንም አልሞተብንም፤ የነገውን ግን ኮሚቴውን ጠይቁ ብዬ መለስሁላቸው።