ለፋሲካ የተቀመጠ ፖንችኪ

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬም አፐር አርሊንግተን ቤታቸው ፖላንዳዊቷን አዛውንት ሚስስ ሄለንን ስንከባከብ ዋልኩ። ጠዋት የኤፕሪሉን የዶክተር ቀጠሮ «ካንስል አድርጊልኝ፤ እስከዚያ በሕይወት አልቆይም» አሉኝ። እየተናደድኩ ደውዬ ካንስል አደረግኩት።

ከዚያ ፖንችኪ አስጠበሱኝ። ውስጡ ማርማላታ የተሞላ የፖላንዶች ዶናት ነው። የካቶሊክ ጾማቸው ነገ ስለሚገባ ቤት ያለው እንቁላልና ቅቤ ዛሬ ማለቅ አለበት። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ያቦካሁትም የጠበስኩትም እኔ ነኝ። «መጀመሪያ የሚቀምሰው የጠበሰው ነው» ብለው አንዱን አነሱልኝ። የኛ ጾም ትናንት መግባቱን ስነግራቸው ቅር አላቸው። «እንግዲያው እኔም አልበላም» ብለው ሳህኑን ገፉት። ዓመቱን ሙሉ ሲያወሩለት የከረሙትን!

አንጀቴን በሉት። «ለፋሲካ ፍሪዘር ውስጥ ላስቀምጠው?» አልኳቸው።

«ላንቺ ፋሲካ ነው ለኔ?»

«ለሚቀድመው።»

«የኔ ይቀድማል» አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «ግን ያንቺ እስኪደርስ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ።

ዘንድሮ የሁለታችንም ፋሲካ ኤፕሪል ውስጥ ነው። ወደ ሳሎን ወጣሁና ደውዬ ቀጠሮውን መልሼ አስያዝኩላቸው።