ወንድሜን ሃያ ሁለት ያለው ፍተሻ

ጎንደር፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ደክሞኛል። ወንድሜ ጌታሁን ጀምሮት ሳይጨርሰው የሞተውን የተማሪዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤታችን ላስረክብ አንድ ሳምንት ቀርቶኛል። ትናንት ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚያሳዩት ፍተሻዎች ሁሉ አረንጓዴ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት አንዱ ቀይ ሆነ።

ጌታሁን ፕሮግራሙን የሚፈትሸው የራሱን ስምና የልደት ቀን እያስገባ ነበር። "ዕድሜ 21 መሆን አለበት" ብሎ ጽፏል። ዛሬ ልደቱ ነውና ኮምፒውተሩ "የተጠበቀው 21፣ የተገኘው 22" ይላል። የሞተው ግን በሚያዝያ ነው።

ጓደኛው ከድር ከአባቱ ሱቅ መጥቶ አየልኝ።

"ምነው ታዲያ፣ ሃያ ሁለት በለውና ይለፍ።"

"ሃያ ሁለት አልሞላውም እኮ።"

ከድር ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለ። "ሰነፍ ነበር ባክህ። በየዓመቱ የሚበላሽ ፍተሻ ይጻፋል?"

ሳቅን። ከሞተ ወዲህ በእሱ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

ሃያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። አረንጓዴ ሆነ። እናቴ ከጓዳ "ጨረሳችሁ?" አለች። ከድር "አዎ እትዬ" ሊል ሲል ቀደምኩት።

"ገና ነው" አልኳትና ቁጥሩን ወደ ሃያ አንድ መለስኩት።