ያለ ትራንዚት

ይድረስ ለእታለም፤ ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? የቀረውን ሰላምታ ስትመጪ አደርስልሻለሁ፤ ዛሬ ወሬው አፌን በላኝ።

ከአንቺ ከተማ ወደ እኛ ቀጥታ በረራ ተጀመረ። ትኬት ቢሮአችን መስታወት ላይ ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔው ነኝ። መሀል መንገድ ወርደሽ ወንበር ላይ የምታንጎላጅበት የአስራ አንድ ሰዓት ጉዞ ቀረ፤ አሁን አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ቁርስ እዚያ፣ ምሳ ከእኛ ጋር።

ለአባባ ስነግራቸው፣ ሹፌር ጡረታ ቢወጣም መሪውን አይለቅምና፣ "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" አሉኝ።

"ሦስት ሺህ አንድ መቶ።"

"በእኔ አውቶቡስ ስድስት ቀን። ያውም ጎማ ካልፈነዳ" ብለው ሳቁ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቄ እኔም ሳቅሁ።

እሳቸው ደግሞ እቤት ትራንዚት ከፍተዋል። ከመኝታ ቤት እስከ በር ሲሄዱ አረፍ የሚሉበት ወንበር ኮሪደሩ ላይ አድርጌላቸው ነበር፤ ስሙን ያወጡለት ራሳቸው ናቸው። በዚህ ወር ሁለተኛ ጨምረናል። እንደ ሥራ ዘመናቸው ሰዓት ይይዛሉ፤ ዛሬ ጠዋት አስራ ሁለት ደቂቃ ፈጀባቸው።

በረራው ማክሰኞና ዓርብ ነው። የዓመት ዕረፍትሽን አትጠብቂ፤ ለዚህ ዓርብ በስምሽ መስኮት በኩል ይዤልሻለሁ። አባባ "በር ላይ ቆሜ ነው የምቀበላት" ብለዋል። ከኤርፖርት ታክሲ ውስጥ እንደገባሽ ደውዪልኝ፤ እሳቸውንም ያኔ ከአልጋ አስነሳቸዋለሁ። በሩ ላይ እኩል ትደርሳላችሁ።

ዓይንሽን ለማየት የቸኮለችው ታናሽሽ፣ ትኬት ቆራጯ