ሳላየው የነገርኩህ መጨረሻ

ይድረስ ለአባዬ፣

ከተለያየን ሰባት ወር ሊሞላ ነው። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም፤ እኔንም አላስወለቀችኝም። ያንተ ወንበር ላይ አሁን የሚቀመጠው ወንድሟ ታደሰ ነው። «ቤት ያለ ወንድ አይሆንም» ብሎ መጣ፤ ወንዱ ግን እስካሁን የተቃጠለ አምፖል እንኳን አልቀየረም።

ሙት ዓመትህ ሳይወጣ ቲያትር ማየት ነውር ነው ተብሎ ነበር። ያሉት ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ናቸው። ለቅሶህ ላይ እንግዳ በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ይጮሃሉ፤ እንግዳው ሲቀመጥ ንፍሯቸውን ይቅማሉ። እስከዛሬ እኔና አንተ አብረን ካየናቸው ተዋንያን እንደሳቸው ቶሎ ከገጸ ባሕርይ የሚወጣ የለም።

እማዬን ለምኜ፣ አጎቴን ጠባቂ አድርጌ ሁለት እሁድ ሄድኩ። መጀመሪያ ያየነው ኮሜዲ ነው። ከነጥቁራችን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሰው በሳቅ ሲፈርስ አጎቴ ያንኮራፋል፤ የእኔም ፊት አልፈታ አለ። ዋናው ቀልደኛ ወደ እኛ በኩል ሲመጣ ድምፁ ይቀንሳል፣ በቃ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ነው የሚመስለው። አሳዘነኝ።

ሁለተኛው፣ ሆስፒታል ተኝተህ «ሄደሽ እይልኝና ንገሪኝ» ያልከኝ ነው፤ ሽማግሌው አባት ከሩቅ አገር ወደ ልጆቹ የሚመለስበት። አባዬ፣ ያኔ እስከ መጨረሻው አላየሁትም። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ የቁስቋም ታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ብዬ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ወጣሁ። አንተ ደግሞ ተዋንያኑ እጅ ሳይነሱ የሚነሳውን ሁሉ «አፈር ሳይመለስ ከቀብር የሚሄድ» እያልክ ስትሰድብ ነው የኖርከው። እንዴት አለቀ ስትለኝ አፌ ላይ የመጣልኝን ነገርኩህ፦ ሽማግሌው ደረሰ፣ ልጆቹም እራታቸውን ሳይበሉ ጠበቁት። ዓይንህን ጨፍነህ «ደግ ደራሲ ነው» አልክ። በሦስተኛው ቀን ሞትክ።

ባለፈው እሁድ መጨረሻውን አየሁት። አይደርስም። ልጆቹ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ትንሿን ልጅ ሆና የምትሠራው ተዋናይት ኩራዙን ከማጥፋቷ በፊት አንዴ በሩን ታያለች። ከዚያ መድረኩ ይጨልማል። ቀብርህ ላይ እምቢ ያለኝ እንባ እዚያ መጣ። አጎቴ ነቅቶ «ምን ሆነ ሰውዬው?» አለኝ። መንገድ ላይ ቀረ አልኩት። «ታዲያ ለዚህ ነው ከቤት ያወጣሽኝ?» አለ።

ውሸቴን አምነህ ሄድክ፤ አሁን ላርመው ብልም አትሰማኝም። እውነቱን ብነግርህ ይሻል ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ፤ አላውቅም። ስላንተ ግን አልዋሽም። እነ እትዬ አልማዝ «እንደ ጻድቅ፣ በእንቅልፉ ነው የሄደው» እያሉ ያወራሉ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ፈርተህ ነበር። ውሃ ጠይቀህ መዋጥ አቃተህ፤ እጄን ጨብጠህ የጥፍርህ ምልክት ሁለት ቀን አልጠፋልኝም። እኔ የማስታውስህ እንደዚያው ነው፣ ሳላሳምርህ።

ልጅህ ሜሮን