የተገመጠች ፀሐይ

ጃንዋሪ 13

ነፋስ። የደጁ ደረጃ በረዶ ጋግሮ ጠበቀኝ፤ እንዲያቀልጠው ቤት ያለውን ጨው ሁሉ በተንኩበት። ለምሳ ዓሣ ቀቀልኩ። ቶርላይፍ ሁለቴ ጎርሶ ሳህኑን ገፋው። "ጨው በዛበት" አለ። ጨው የት አለና! መብላት አቅቶት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ተቆጣሁት። ባሌን ከመቆጣት ሌላ ምን አውቃለሁ...

እዚህ ሰሜን ጫፍ በብርዱ ወራት ፀሐይ አትወጣም፤ ከሄደች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። "መቼ ነው የምትመለሰው?" ይለኛል በየቀኑ። ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ላይ የኖረ ሰው ቀኑ ጠፍቶት ነው?

ጃንዋሪ 16

ሐኪሟ መጥታ ነበር። ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። "ሳንባው..." አለችና ራሷን ነቀነቀች። ሆስፒታል ይግባ አልኳት። "እሱ ከቤቴ አልወጣም ብሏል።" ለእኔ ሳይነግረኝ!

እንደ ወጣች ትራሱን አስተካከልኩለት። "ለፋሲካ ትነሳለህ" አልኩት። እጄን ዳበስ አደረገ።

"እሺ" አለ።

ጃንዋሪ 18

ሬዲዮው ጉድ አወራ። ፀሐይ በምትመለስበት ቀን ጨረቃ ትጋርዳታለች አሉ። ቶርላይፍ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት።

"ይህን ሁሉ ጠብቀን የተገመጠች ይላኩልን?"

ጎረቤታችን ጉንቮርም ቤታችን ነበረች። "የብየዳ ጭንብልህ አለ አይደል? በእሱ ታያታለህ" አለችው። ከጀልባው ቤት አወጣሁት። የዓሣ ዘይት ይሸታል።

እኔን ያስጨነቀኝ ደመናው ነው። ባያያትስ?

ጃንዋሪ 21

መጣች!

በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በዊልቸር እስከ ወደቡ ገፋሁት። የመንደሩ ሰው ሁሉ ማርማላታ የተሞላውን፣ ስኳር የተነሰነሰበትን ቦምቦሊኖውን ይዞ ቆሟል። ፀሐይ ሳትታይ አይቀመስም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ብቅ ያሉት ሁለት ቀይ ቀንዶች ናቸው። ፍየል ከባሕር የምትወጣ መሰለኝ። ጭንብሉን ደግፌ ያዝኩለት።

"ምን ይታይሃል?"

"ማርማላታ።"

ሞኝ! ሳቅኩ፣ እንባዬም መጣ። ብዙም አልቆየች፤ ከአድማሱ ሳትርቅ ተመልሳ ገባች።

ቦምቦሊኖውን ላጎርሰው ስል እጄን ያዘው። "ግማሽ ፀሐይ፣ ግማሽ ቦምቦሊኖ። የቀረውን ሙሉዋን ስናይ። ኦስሂልድ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ሕግ ሕግ ነው።" ከግማሹም ማርማላታውን ልሶ ዳቦውን ለእኔ ተወው።

የቀረውን በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። "ማንም እንዳይነካው!"

"ማን ተነስቶ ይሰርቅሻል?" አለ።

ጃንዋሪ 24

ደመና። ዛሬም ደመና። ሱቅ ደርሼ እስክመጣ ጉንቮር አጠገቡ ተቀመጠችልኝ። ስገባ ሁለቱም ዝም አሉ። ሲያሙኝ ነበር? ከንፈሩ ላይ ነጭ ነገር ነበር። መድኃኒቱ መሰለኝ፤ ጠረግኩለት።

ጃንዋሪ 25

ደመና። "ነገ ትወጣለች" አልኩት። "እሺ" አለ።

ጃንዋሪ 27

ቶርላይፍ ሞተ። ጠዋት፣ እጁ እጄ ውስጥ እያለ።

ፌብሩዋሪ 4

ትናንት ቀበርነው። በብርድ የደነደነውን መሬት በእሳት አሙቀው ነው የቆፈሩለት።

ዛሬ ሰማዩ ጠራ። ሙሉ ፀሐይ፣ ያውም ምንም ሳይነካት። አሁን ነው የምትመጪው? ብዬ ተቆጣኋት።

ከዚያ ቦምቦሊኖው ትዝ አለኝ። ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ላስቲኩ ባዶ ነው።

ጉንቮር ዘንድ ሄድኩ። ገና ስታየኝ አለቀሰች።

"ሱቅ የሄድሽ ዕለት ነው። 'አምጪልኝ' አለኝ። 'ሙሉዋ መች ወጣችና?' ስለው 'ለእኔ ያቺው ግማሿ ናት፤ ሌላ አላይም' አለኝ። 'ለኦስሂልድ አትንገሪያት፣ ትቆጣኛለች።' እየቆረስኩ አጎረስኩት። ፍርፋሪዋን አልተወም፣ ኦስሂልድዬ።"

በላ። ከእኔ እጅ አንዲት ማንኪያ ሾርባ ያቃተው ሰው ያን ሁሉ በላ። ልደሰት? ልቅና? ሁለቱንም ሆንኩ።

ደግሞ እውነቱን ነው፣ እቆጣው ነበር። ፋሲካ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ አፉን ዘጋሁበት። መሄዱን ያውቅ ነበር። ለጉንቮር ነገራት። ለእኔ ግን "እሺ" አለኝ፤ እንዳልከፋ። ደህና ሁን እንኳን አልተባባልንም።

ለምሳ ዓሣ ቀቀልኩ። ጨው መግዛቱን እስካሁን እንደረሳሁ ነኝ። በዛበት የሚለኝም የለ።