በከተማው በር ስለቆመችው ባዝራዬ

ለክቡር ኽዋጃ ቡርሃን፣ የሰብዘዋር ከተማ በር አዛዥ፤

ጤናዎ እንደ ሐብሐብ ማሳዎ የለመለመ፣ እንቅልፍዎም እስከ ዛሬ እንደሆነው ሁሉ ጥልቅ ይሁን። እኔ በሸማኔዎች ሰፈር የምኖር አዋላጅ ዲልሻድ ነኝ።

ከዓይን ተሰውረው የምንጠብቃቸው ኢማም የተገለጡ ዕለት በእግራቸው እንዳይገቡ፣ ጧትና ማታ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ከበሩ ውጭ እንዲቆም መደረጉን አልቃወምም፤ እኔም ከሚጠብቁት አንዷ ነኝ። ነጯ ባዝራዬ ሸብናም ለዚህ ክብር ስትመረጥም፣ «ለጥቂት ቀን ነው» ስለተባልኩ ልጓሟን በገዛ እጄ አስረክቤያለሁ። ጥቂቱ ቀን በበግ ሸለታ ተጀምሮ እነሆ ለወይን ለቀማ ደርሷል። ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. ሟቹ ባለቤቴና ጓደኞቹ «ሞንጎል ቤታችን ገብቶ ያሻውን ከሚወስድ አንገታችን ገመድ ይግባ» ብለው ሲነሱ፣ እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ አላሰቡም። ሞንጎሎቹ ፈረስ ሲወስዱ ስሙን እንኳ አይጠይቁም ነበር። የእርስዎ ሰዎች ግን የባዝራዬን ስም ጠይቀው ነው የወሰዷት። ይህን ያህል ስለተሻሻልን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. ጽድቁ እንዳይቀርብኝ በማሰብ፣ ገብሷን ዛሬም ከቤቴ እንድልክ ስለፈቀዱልኝ ደግሞ አመሰግናለሁ።

፫. በባግሀን መንደር ረይሓና የምትባል ልጅ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፤ ሽሉም ተጋድሟል። መንገዱ በእግር ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ በሸብናም ግን ፀሐይ ሳትከር ይደረሳል። ይህንን ለባልደራስዎ ባስረዳው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በእግርሽ ዝለቂው እንጂ! ምጥ እንደሆነ የትም አይሸሽ» ብሎ አጽናንቶኛል። ለካ እስከ ዛሬ የምጣደፈው በከንቱ ኖሯል።

በክቡርነትዎ ጋጣ ውስጥ ሦስት የሰቡ ፈረሶች ሥራ ፈትተው ቆመዋል ይባላል። ከእነርሱ አንዱ በሸብናም ፋንታ በር ላይ ቢቆም፣ ኢማሙ በፈረሱ መልክ የሚቀየሙ አይመስለኝም። እናት በምጥ ስትሞት ፈረስ ሥራ ፈትቶ መቆሙ ግን የሚያስቀይማቸው ይመስለኛል።

አላህ ትዕግሥትዎን ከትዕግሥቴ ጋር አስተካክሎ እንዲሰጥዎ የምትለምን፣ የከተማው በር ሲከፈትም ሲዘጋም የምታስታውስዎ፣
ዲልሻድ አዋላጇ

ግልባጭ፦ በሴቶቹ ተራ እንዲነበብ በመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተለጥፏል

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ማታ ሸብናም ወደ በሩ ስትመለስ አይቻታለሁ፤ ከኮርቻዋ ሥር በላብ ርሳለች፤ ግላሷም ላይ የሐብሐብ ዘር ተጣብቋል። ኢማሙ መጥተው ከሆነ ለእኛም ይነገረንና እልል እንበል። ካልመጡ ደግሞ በእርሳቸው ኮርቻ ሐብሐብ ማሳ ደርሶ የተመለሰው ማን እንደሆነ የመታጠቢያ ቤቱ ሴቶች ያውቃሉ፤ እኔ ግን ለክብሩ ስል ስሙን አልጻፍኩም። ባዝራዬ ነገ ጧት ደጄ ላይ ታስራ ካገኘኋት የምጽፍበት ጊዜም አይኖረኝም፤ ባግሀን እሄዳለሁና።